የገደል ማሚቶን በመስታወት ሣጥን መቅበር

በተራራማ አገር ያደገ ሰው የገደል ማሚቶን ያለ ምንም መሣሪያ ያውቃታል። እረኛው ከአንዱ አፋፍ ቆሞ ይጣራል፤ ማዶ ያለው ገደል ድምፁን ተቀብሎ፣ ጥቂት አዘግይቶና ጥቂት አደብዝዞ ይመልስለታል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበሩ ጥቂት ብልሆች ይህንኑ ገደል ከሽቦ፣ ከሞተር፣ ከጎማና ከማግኔታዊ ክር ሠርተው ሻንጣ በሚያህል ሣጥን ውስጥ አስገቡት። ለዘፋኙና ለጊታር ተጫዋቹ በመድረክ ላይ ገደል አቆሙለት። ከእነዚያ ሣጥኖች ብዙዎቹ ዛሬ ዝም ብለዋል። እርጅና ዝም ያሰኘው ማሽን በጥገና ይነሣል፤ «አትንኩት» በሚል ትእዛዝ ዝም የተባለው ግን ጠጋኝ አጠገቡ ቆሞ እያየው ይሞታል።

በአሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ ገበያ ውስጥ «ያልተከፈተ»፣ «ከፋብሪካ እንደወጣ»፣ «ሁለመናው ኦሪጅናል» የሚሉት ቃላት ዋጋ ያንራሉ። ክሩ ተበጣጥሶ፣ ጎማው እንደ ሙጫ ቀልጦ፣ ካፓሲተሩ ደርቆ ድምፅ መስጠት ያቆመ የማስተጋቢያ ማሽን፣ ማንም ካቻቢቴ ያላሳረፈበት በመሆኑ ብቻ፣ በጥንቃቄ ታድሶ በየምሽቱ ከሚሠራው ወንድሙ በላይ የሚከበርበት ጊዜ አለ። ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል፤ ለእንግዳ ያሳየዋል፤ ከእንግዳው ግን አንድም ሰው ድምፁን አይሰማም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ብሂል ለዚህ ዓይነቱ ባለቤት የተነገረ ይመስላል።

ይህ አስተሳሰብ ቅርስን እንደ መጠበቅ ይቆጠራል። ነገር ግን ማሽኑ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ በቅጡ ለተረዳ ሰው፣ ቅርስን ከማጥፋት የሚለየው በዝግታው ብቻ ነው።

የአሠራሩ ምሥጢር ከርቀትና ከፍጥነት የዘለለ አይደለም። ዘፋኙ ወይም ጊታሩ የሚሰጠው ድምፅ በመቅጃ ሄድ አማካይነት በሚሮጥ ማግኔታዊ ክር ላይ ይጻፋል፤ ክሩ ትንሽ ተጉዞ ወደ ማጫወቻው ሄድ ሲደርስ ያው ድምፅ ይነበባል፤ በመጨረሻም መደምሰሻው ሄድ ክሩን ጠርጎ ለአዲስ ጽሑፍ ያዘጋጀዋል። ክሩ በሴኮንድ 19 ሳንቲ ሜትር ቢሮጥና ሁለቱ ሄዶች በ5.7 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ድምፁ ከ0.3 ሴኮንድ በኋላ ይመለሳል። የተመለሰውን ድምፅ በከፊል እንደገና ወደ መቅጃው ከላኩት ደግሞ ማሚቶዋ ሌላ ማሚቶ ትወልዳለች፤ በየዙሩም እየደበዘዘች ትሄዳለች። ዕቃው ኤሌክትሮ መካኒካዊ የተባለው ስለዚህ ነው፤ ግማሽ አካሉ የኤሌክትሪክ ሰው፣ ግማሽ አካሉ የሰዓት ሠሪ ሥራ ነውና።

የትውልዱም ታሪክ ከጠጋኝ እጅ የወጣ ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1954 በሜምፊስ ከተማ፣ በሳን ስቱዲዮ፣ ሳም ፊሊፕስ የኤልቪስ ፕሪስሊን ድምፅ በሁለት የቴፕ መቅረጫዎች ቅብብሎሽ እያስተጋባ ይቀርጽ ነበር። ስቱዲዮውን ተሸክሞ መድረክ መውጣት ግን አይቻልም። በኢሊኖይ ግዛት ካይሮ በምትባል ትንሽ ከተማ የሙዚቃ ዕቃ መደብር የነበረው ሬይ በትስ የቴፕ ማስተጋቢያውን በጊታር ማጉያ ሣጥን ውስጥ ገጠመው፤ የኤልቪስ ጊታር ተጫዋች ስኮቲ ሙር በ1955 አንዱን ገዛ። በሚላኖ የቢንሰን ኩባንያ ክሩን ትቶ በሚሽከረከር ማግኔታዊ ከበሮ ዙሪያ ሄዶችን ደረደረ፤ ኢኮሬክ የተባለውም ማሽን በኋላ የፒንክ ፍሎይድ ድምፅ መለያ ሆነ። በለንደን ቻርሊ ዋትኪንስ በ1958 ኮፒካትን ለገበያ አቀረበ። በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ ማይክ ባትል በ1959 የማስተጋቢያው ርዝመት እንደ ተጫዋቹ ፍላጎት እንዲለወጥ ሄዱ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስበትን ኢኮፕሌክስ ሠራ። የጃፓኑ ሮላንድ ደግሞ በ1974 ሦስት ማጫወቻ ሄዶችና አብሮ የተገጠመ የሞላ ማስተጋቢያ ያለውን አርኢ-201 «ስፔስ ኢኮ» አወጣ፤ ምርቱም እስከ 1990 ድረስ ቀጠለ።

ከእነዚህ ሠሪዎች መካከል በቴፕ ለሠሩት ክሩ ዘላለማዊ አልነበረም። ክሩ ከሄድ ጋር እየተፋተገ የሚያልቅ ዕቃ መሆኑን አውቀው፣ ተጠቃሚው ራሱ በቀላሉ እንዲቀይረው አድርገው ሠሩት። ጎማው እንደሚደርቅ፣ ቺንጋው እንደሚላላ፣ ኩሽኔታው ዘይት እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር። እንዲያውም ሙዚቀኛው የሚወደው ድምፅ በከፊል ከዚሁ መፋተግ የሚመጣ ነው፤ ፍጥነቱ ጥቂት በመዋዠቁ ማሚቶዋ ትንቀጠቀጣለች፤ ክሩ ከአቅሙ በላይ ድምፅ ሲጫንበት ጠርዙን ያለዝበዋል፤ የላይኛው ቅላጼ በየዙሩ ይቀንሳል። ሠሪው እንዲለወጥ ያሰበውን ክፍል «ኦሪጅናል ነው» ብሎ መጠበቅ፣ ጧፉ እንዳያልቅ ሲሉ በጨለማ መቀመጥ ነው።

የ«አትንኩት» ባዮችም ሙግት ግን ባዶ አይደለም፤ በሚገባው ክብደት ሊመዘን ይገባል። አንደኛው ነጥባቸው፣ ብዙ ማሽን የጠፋው በዕድሜ ሳይሆን በማይችል ጠጋኝ እጅ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» እንደሚባለው፣ ሄዱን በአሸዋ ወረቀት ያሻሸ፣ የመጀመሪያዎቹን ቫልቮች አውጥቶ የሸጠ፣ «ድምፁን ላጥራው» ብሎ ወረዳውን በሙሉ በአዲስ ዕቃ የተካ ሞልቷል። ሁለተኛው ነጥባቸው፣ የመጀመሪያው ዕቃ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ የኋለኛው ዘመን ተመራማሪ ምን እንደነበረ ማወቂያ ያጣል የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው።

ከሁለቱ እውነቶች ግን «ስለዚህ ማንም አይንካው» የሚል መደምደሚያ አይወጣም። ያልተማረ ሐኪም ሰው ስለገደለ ሕክምና አይከለከልም፤ የሚከለከለው አለማወቅ ነው። ሁለተኛውንም ሥጋት የሚያስታግሰው ቀላል ነገር አለ፤ የወጣውን ክፍል በከረጢት አድርጎ ከማሽኑ ጋር ማኖርና የተደረገውን ሁሉ በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። በተጨማሪም አለመንካት በራሱ ማቆየት አይደለም። የማይንቀሳቀስ ማሽን ያረጃል። ጎማው በቆመበት አንድ ቦታ ተጭኖ ይጎደጉዳል፤ ከዚያም ቀልጦ በብረቱ ላይ ይጣበቃል። በኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰው ባይነካውም ይደርቃል። ዘይቱ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የቆመው «ያልተነካ» ማሽን ጊዜ በየቀኑ እየነካው ነው፤ ያልነካው ሊያድነው የሚችለው ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ለትክክለኛው እድሳት ሥርዓቱ ምንድን ነው? መለየት ነው፤ የሚያልቀውን ከማያልቀው፣ ድምፅ የሚሠራውን ድምፅ ከማይሠራው። ክር፣ የጎማ ሮለር፣ ቺንጋና የደረቁ ካፓሲተሮች የሚያልቁ ናቸው፤ ይለወጡ። ሄዶቹ፣ ትራንስፎርመሩ፣ የቢንሰን ከበሮ፣ የመግቢያው ማጉያ ወረዳና የክፍሎቹ መጠን ግን የማሽኑ ድምፅ ናቸው፤ ሥራ እስካላቆሙ ድረስ ይጠበቁ። የሄድ መልክ በአልኮል ይጸዳል፤ የተከማቸበት ማግኔት ይወገዳል፤ ማዘንበሉ በብሎኑ በጥንቃቄ ይስተካከላል እንጂ «አዲስ ይሻላል» ተብሎ አይነቀልም። አዲስ ክር በበኩሉ ዛሬም በፈረንሳይና በአሜሪካ ስለሚመረት፣ በ1970ዎቹ የተቆረጠን ክር የሙጥኝ ማለት ምክንያት የለውም።

ከሁሉ በፊት የሚቀድም አንድ ክፍል አለ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ። ከቀድሞዎቹ ማሽኖች ብዙዎቹ የመሬት ሽቦ በሌለው ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ የተሠሩ ናቸው። ቫልቭ ያለበት ማሽን በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዟል፤ የውስጥ መከለያ ቢበላሽና ብረቱ ኤሌክትሪክ ቢይዝ፣ መንገዱ በጊታሩ ገመድ በኩል ወደ ተጫዋቹ እጅ፣ በማይክሮፎኑም በኩል ወደ ዘፋኙ ከንፈር ነው። በሦስት ሽቦ ገመድ መተካት የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም። ይህን እንኳ «ኦሪጅናልነቱን ያጎድላል» ብሎ የሚከለክል ሰብሳቢ፣ ከሰው ሕይወት ገመድ ያስበለጠ ሰው ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ መቻቻል አያስፈልግም።

ከወዲያኛው ጎራ ደግሞ ሌላ ተሟጋች ይነሣል፤ የመስታወት ሣጥኑንም ጠጋኙንም የሚንቅ። «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ዲጂታሉ አለ» ይላል። ሙግቱ ቀላል አይደለም። ቦስ የስፔስ ኢኮን ድምፅ በእግር በምትረገጥ ትንሽ ሣጥን በ2007፣ እንደገናም በ2022 አቅርቦታል፤ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሠሩ አምሳያዎችም ብዙ ናቸው። ክር አይበጥሱም፤ አይከብዱም፤ በዝናብ ወቅት እርጥበት አያስጨንቃቸውም። ለየምሽቱ ሥራ ዲጂታሉን የመረጠ ሙዚቀኛ ሊወቀስ አይገባውም፤ ጆሮ የሌለው አስመስሎ መናገርም የዕቃ አምላኪዎች ትዕቢት ነው።

ነገር ግን አምሳያ ምሳሌ ይፈልጋል። የዲጂታሉ ሠሪ የሚለካው አንድን ማሽን ነው፤ አዲስ ክር የተገጠመለት ነበር ወይስ ያረጀ? ጎማው የጸና ነበር ወይስ የላላ? እያንዳንዱ ሁኔታ የተለየ ድምፅ አለው። የሚሠሩ ማሽኖች ከምድር ከጠፉ አምሳያውን የሚያርም ምስክር አይኖርም፤ ቅጂው ዳኛም ባለጉዳይም ይሆናል። ደግሞም ሙዚቀኛው ከማሽኑ ጋር የሚያደርገው ግብግብ፣ የፍጥነቱን መዘውር ሲያዞረው የሞተሩ ክብደት ቀስ ብሎ መታዘዙ፣ ክሩን በጣቱ ሲነካው ድምፁ መጉበጡ፣ ከሙዚቃው የሚነጠል አይደለም። ዲጂታሉ የሚሠራው ማሽን ልጅ ነው፤ ልጅ ስለ ተወለደ አባት አይቀበርም።

የዚህ ሁሉ ክርክር ማዕከል ግን ማሽኑ አይደለም፤ ጠጋኙ ነው። ለዚህ ከኪንግስተን፣ ከጃማይካ፣ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በዓለም «ኪንግ ተቢ» በሚል ስም የታወቀው ኦዝበርን ረዶክ ሙያው ኤሌክትሪክ ነበር፤ ሬዲዮና ማጉያ ይጠግን፣ ትራንስፎርመር ይጠመጥም ነበር። ከዚያው የጥገና እጅ ነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዳብ ሙዚቃ የወጣው፤ የተቀረጸን ዘፈን ገነጣጥሎ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ የቀረችውን አንዲት ቃል በቴፕ ማሚቶ ወደ ማያልቅ ሸለቆ የሚልክ ጥበብ። በ1989 ተገድሎ እስኪሞት ድረስ ጠጋኝነቱንና አርቲስትነቱን የለየ ሰው አልነበረም። ሊ ፔሪም በዚያው ከተማ በ1973 ከቤቱ ጓሮ የሠራውን ስቱዲዮ «ብላክ አርክ» አለው፤ ትርጉሙ ጥቁር ታቦት ነው፤ ስሙም ለኢትዮጵያውያን ጆሮ እንግዳ አይደለም። ያችን ታቦት ያሰማት ከባለ አራት ትራክ መቅረጫ ጋር የቆመ አንድ የሮላንድ ስፔስ ኢኮ ነበር። ፔሪ ማሽኑን በመስታወት ሣጥን አላኖረውም፤ እስኪደክመው ድረስ አሠራው።

ይህ ምሳሌ ወደ አፍሪካ ቀንድ ሲመለስ ያማል፤ እዚህ እጀ ሥራ ያለውን ሰው መናቅ ሥር የሰደደ በሽታ ነውና። ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ቆዳ አልፊውን ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያለ፣ እነርሱ በሠሩት ማረሻ ያረሰ፣ እነርሱ በሠሩት ማሰሮ ቀቅሎ የበላ ኅብረተሰብ ነው። ዓፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፣ ስድቡ የቱን ያህል ተስፋፍቶ እንደነበር ራሱ ይመሰክራል። ዘመኑ ተለውጦ ስድቡ ቢቀንስም፣ ልማዱ ሌላ ልብስ ለብሶ ቀጥሏል። ዘፋኙ ይሞገሳል፤ ግጥሙንና ዜማውን የደረሱት ይመሰገናሉ፤ ማጉያውን ከትርኢቱ አንድ ሰዓት በፊት በብየዳ ያነሣው ሰው ግን ስሙ በካሴቱ ሽፋን ላይ አይወጣም።

እንዲህ ያለው ሰው በአካባቢው ከተሞች ሞልቶ ነበር። የካሴት ዘመን በየመንደሩ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ አፍርቷል። ሄድ በአልኮል የሚያጸዳ፣ የተበጠሰ ክር የሚቀጥል፣ ቺንጋ የሚለካ፣ በጆሮው የፍጥነት መዛባት የሚለይ ሰው ማለት፣ የማስተጋቢያ ማሽን ጠጋኝ ከሚያስፈልገው ሙያ አብዛኛውን የያዘ ሰው ነው። አሁን ያ ትውልድ እየሸመገለ ነው፤ ሱቁ ወደ ሞባይል ጥገና ተለውጧል፤ ልጁም የአባቱን ሙያ አልወረሰም። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ጉዳዩ ለጥቂት ጊታር ተጫዋቾች ብቻ የሚተው አይደለም። በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ከመደብደቧ በፊት፣ የሬዲዮ ሐርጌሳ የሙዚቃ ቴፖች እንዳይጠፉ ከፊሎቹ ከመሬት በታች ተቀብረዋል፤ ከፊሎቹም ወደ ጂቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረዋል። ዛሬ በዚያች ከተማ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ካሴቶች ተሰብስበው ይጠበቃሉ። የቀበሯቸው ሰዎች የቀበሩት ለመቆፈር፣ የቆፈሯቸውም ለማሰማት ነበር። ቴፕን የሚያነብበው ግን ሄዱ የተስተካከለ፣ ጎማው የጸና፣ ፍጥነቱ የታመነ ማሽን ነው። የማስተጋቢያውን ሄድ ማስተካከል የሚችለው እጅና የመዝገብ ቤቱን ማጫወቻ ማስነሣት የሚችለው እጅ አንድ እጅ ነው። አንዱ ሙያ ሲሞት ሁለተኛው አብሮ ይቀበራል።

ለቀጠናው ጠጋኝ ብቻ የቀረበ ፈተናም አለ። በተለዋጭ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩት ማሽኖች ፍጥነታቸው ከኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ጋር የተያያዘ ነው። ለአሜሪካ 60 ኸርዝ የተሠራ ማሽን በኢትዮጵያ ወይም በኬንያ 50 ኸርዝ ላይ ሲተከል፣ ቮልቱ በትራንስፎርመር ቢስተካከልለትም እንኳ፣ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል። የ0.3 ሴኮንድ ማሚቶ 0.36 ይሆናል፤ በደቂቃ 100 ምት በሚሄድ ዘፈን ላይ ከምቱ እኩሌታ ጋር በትክክል ትገጥም የነበረችው ማሚቶ ከምቱ ትወጣለች። መድኃኒቱ ክሩን የሚነዳውን ዘንግ ውፍረት በአንድ አምስተኛ መጨመር ነው፤ ይህም ጥሩ ቶርኖ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ ሊሠራ የሚችል ቀለበት ነው። በ«አትንኩት» ሕግ ግን ይህ ቀለበት ወንጀል ነው። ሕጉን ያወጣው ሰው ማሽኑ ሌላ አገር ሄዶ እንዲዘፍን አላሰበም።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ግልጽ ነው። ሻጭ «ታድሷል» ሲል ምን እንደተለወጠና ምን እንደቀረ በጽሑፍ ያስረዳ፤ አቧራ ጠርጎ የታደሰ ማሽን ዋጋ መጠየቅ ማጭበርበር ነው። ገዢ ከ«ያልተነካ» ይልቅ «የሚሠራና የተመዘገበ» ለሚለው ይክፈል። ጠጋኝ ሙያውን እንደ ደብተራ ምሥጢር አይደብቅ፤ የወረዳውን ሥዕል፣ የጎማውን ልክ፣ የተሳሳተበትን ጭምር ጽፎ ለሚቀጥለው ይተው። የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ኖታ ከሚያስተምሩበት ክፍል አጠገብ ብየዳ የሚማሩበት አንድ ጠረጴዛ ይኑራቸው። ባለ ስቱዲዮውም በቀረጸው ሥራ ላይ የጠጋኙን ስም ያስፍር።

ገደል ማሚቶን አያጠራቅምም። የተላከለትን ድምፅ ይመልሳል እንጂ ለራሱ አያስቀርም፤ የሚጣራ ከሌለ ገደሉ ድንጋይ ብቻ ነው። በመስታወት ሣጥን ያለው ማሽንም እንደዚያው ነው። መስታወቱን ከፍቶ፣ አዲስ ክር አጥልቆ፣ የመሬቱን ሽቦ አስሮ የሚያበራው ሰው ቅርሱን አላጎደለም። ቅርሱ ማሚቶዋ ናትና፣ ወደ ሰሚዋ መልሷታል።